ከመዋጮ ደብተር ባሻገር፦ የቅሬ የሙታን መዝገብ አያያዝ

የቅሬ (የወሎ ዕድር) ደብተር ስለ ሟች የሚነግረን በአብዛኛው ስንት ብር እንደተከፈለ ነው። ስም፣ ቀን፣ «ለቤተሰቡ ተሰጠ»፣ ፊርማ። ለመዋጮ ቁጥጥር ይበቃል። ከሃያ ዓመት በኋላ የልጅ ልጅ ከአዲስ አበባ ወይም ከጅዳ መጥቶ «አያቴ የት ነው የተቀበረው? ምን ሠርቶ ያደረ ሰው ነበር?» ሲል ግን ደብተሩ መልስ የለውም። ያኔ የሚያውቁት ጡሩምባ ነፊውና መቃብር ቆፋሪዎቹ ነበሩ፤ እነሱም አልፈዋል።

የሰው መዝገብ ለመያዝ ከቅሬ የተሻለ ቦታ የለም። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ስለሚተዳደር የቤተ ክርስቲያንም የመስጊድም መዝገብ ብቻውን የማይሸፍነውን መንደር ቅሬው ይሸፍናል። የሞት ምዝገባን ግን አይተካም። ሞት በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት፤ ለውርስም ለጡረታም የሚጠየቀው ያ የምስክር ወረቀት ነው።

መዝገቡና ያዦቹ

ጠንካራ ልባስ ያለው፣ ቅጠሉ በክር የተሰፋ መዝገብ ግዙ። በሙጫ ብቻ የተያያዘው በሁለት ክረምት ይገነጠላል። በተራ እስክሪብቶ ጻፉ፤ ፈሳሽ ቀለም ያለው ብዕር ውሃ ሲነካው ይፈሳል፣ የደሴ ክረምት ደግሞ ቤት ውስጥ ያለ ወረቀትን ሳይቀር ያረጥባል። ገጾቹን ገና ባዶ ሳሉ ቁጥር ስጧቸው፤ የተቀደደ ቢኖር ወዲያው ይታወቃል።

ለአንድ ሰው ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ገጾች ስጡ። መረጃው በቀኙ ይጻፍ፤ ግራው በኋላ ለሚመጣ እርማትና ጭማሪ ባዶ ይቆይ። መጨረሻ ላይ 15 ቅጠል ለስም ማውጫ ካስቀራችሁ ባለ 200 ቅጠል መዝገብ 180 ያህል ሰው ይይዛል። ስህተት ሲገኝ በአንድ መስመር ሰርዙና ትክክለኛውን ከነቀኑና ከነፊርማው ከጎኑ ጻፉ። ነጭ ማጥፊያ ቀለም አታስነኩት፤ ከሥሩ ምን ነበር የሚለው ጥርጣሬ ከስህተቱ የባሰ ጠብ ያመጣል።

ሥራው ለቅሬው ጸሐፊ ብቻ አይተው። ቢያንስ አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴትና ስልክ በደንብ የሚይዝ አንድ ወጣት ይጨመሩ። የቅሬ ስብሰባ ብዙ ቦታ የወንዶች ነው፤ ማን መቼ እንደተወለደ፣ ማን የማን የእናት ልጅ እንደሆነ፣ የትኛው ሕፃን በየትኛው ዓመት እንደሞተ የሚያውቁት ግን ሴቶቹ ናቸው። ወንዶች ብቻ የያዙት መዝገብ ውስጥ ሴት የሚጻፈው የእገሌ ሚስት ተብሎ ነው።

ስም

ስም እስከ አያት ይጻፍ፣ የእናት ስም ይከተል፤ ከዚያ ሰውየው መንደር ውስጥ የሚጠራበት ስም። በአንድ ሰፈር ሦስት ሰይድ አሊ መኖሩ ለወሎ ብርቅ አይደለም። ሦስቱን የሚለየው የእናት ስምና የመጡበት አገር ነው፤ አንዱ ከኩታበር፣ አንዱ ከሐርቡ፣ አንዱ የሸዋ በር ተወላጅ ይሆናል። ለክርስቲያን ሟች የክርስትና ስም የግድ ነው፤ ፍትሐቱም ተዝካሩም የሚደረገው በዚያ ስም ነው። ልጆች ብዙ ጊዜ አያውቁትም። የንስሐ አባቱን ወይም የክርስትና ልጆቹን ጠይቁ፤ እህትም ታስታውሳለች። «ሼህ»፣ «ሐጂ»፣ «መሪጌታ»፣ «ባላምባራስ» የሚሉ ማዕረጎች በገጹ ላይ ይግቡ፤ ማውጫው ግን በስም ፊደል ይሂድ።

ማውጫው የሚበላሸው በሆሄ ነው። ሙሐመድ፣ ሙሀመድ፣ መሐመድ እያሉ ሦስት ቦታ የጻፉት ሰው ተፈልጎ አይገኝም። ለማውጫው ሀ፣ ሐና ኀን እንደ አንድ፣ ሰና ሠን እንደ አንድ፣ አና ዐን እንደ አንድ፣ ጸና ፀን እንደ አንድ ቁጠሩ፤ ለሙሐመድም አንድ አጻጻፍ ምረጡ። በሰውየው ገጽ ላይ ግን መታወቂያው ላይ እንዳለው ይገልበጥ።

ዕድሜና ቀን

ከባዱ ሥራ ይህ ነው። «ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና» የሚል ነገር አትጻፉ፤ ዘጠና ማለት ብዙ ጊዜ በጣም አረጁ ማለት ብቻ ነው። ዕድሜን ሰው በማይረሳው ነገር ለኩት። ለዚህ አገር የሚያገለግሉት እነዚህ ናቸው፦ የሰገሌ ጦርነት (ጥቅምት 17 ቀን 1909)፣ የኅዳር በሽታ (1911)፣ ደሴ በጣሊያን አውሮፕላን የተደበደበችበት ቀን (ኅዳር 26 ቀን 1928)፣ የ66ቱ ድርቅ፣ የመሬት አዋጁ (የካቲት 1967)፣ የብር ለውጡ (1969)፣ የሰባ ሰባቱ ረሃብና ሰፈራው፣ ኢሕአዴግ የገባበት ግንቦት 1983።

ጥያቄው «መቼ ተወለዱ?» አይሁን። «አባባ፣ ጣሊያን ደሴን ሲደበድብ አንቱ ምን ይሠሩ ነበር?» በሏቸው። ጥጃ ይጠብቁ ከነበር ከ6 እስከ 9 ዓመት፣ በሬ ጠምደው ያርሱ ከነበር ከ15 በላይ ናቸው ማለት ነው። ጥጃ ጠባቂው ከ1919 እስከ 1922 ባለው ተወልዷል። ከዚያ በሌላ ነገር አጣሩ፦ የመጀመሪያ ልጅ ስትወለድ ድርቁ ገብቶ ነበር? እናት ያገባችው ከማን ሰርግ በኋላ ነው? ሁለቱ መልስ ከተቀራረበ «ከ1919 እስከ 1922 ባለው» ብላችሁ ጻፉ። አንድ የተቆረጠ ዓመት ከመፍጠር ስፋቱን መተው ይሻላል።

ክርስቲያን ሽማግሌዎች ዓመቱን በወንጌላዊ ይጠሩታል። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉት፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። «ደርግ በገባ ማግስት፣ በዘመነ ዮሐንስ» የተባለ 1968 ነው፤ 1964 ደርግ ሳይኖር ነው፣ 1972 ደግሞ ማግስት አይባልም። ቀኑም በታቦት ይመጣል፦ የሚካኤል 12፣ የማርያም 21፣ የጊዮርጊስ 23፣ የመድኃኔዓለም 27። «የሚካኤል ዋዜማ» ሲሉ 11 ነው።

የሂጅራ ዓመት በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ወራቱ በእኛ ወራት ላይ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ደርግ በገባ ሰሞን ረመዳን የገባው በመስከረም 1967 ነበር፤ በ1977 ደግሞ በግንቦት አጋማሽ ገባ። ስለዚህ «በረመዳን ሞተ፣ አዝመራ ላይ ነበር» የሚል ምስክርነት ዓመቱን ሊያጠብላችሁ ይችላል። ከዐረብ አገር የመጣ ወረቀት በሂጅራ ወይም በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል የመጀመሪያውን ቀን እንዳለ ገልብጡ፣ የቀየራችሁትን ከጎኑ ጻፉ። በፈረንጅና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። ይህ የተረሳባቸው መዝገቦች ላይ ሰው ከመወለዱ በፊት ሲሞት ይታያል።

ሌሊት የሞተ ሰው ቀኑ ሁልጊዜ ያከራክራል። ስልኩ ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ በእኛ አነጋገር ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ በእስልምና ደግሞ ከመግሪብ ጀምሮ ነው። «ማክሰኞ ሌሊት» ብቻ ከተጻፈ አርባውም ሙት ዓመቱም በአንድ ቀን ይዛነፋል። «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉት፤ ክርክሩ ያበቃል።

ማንን፣ መቼ መጠየቅ

ሬሳ ሳይወጣ ወይም ፍራሽ ላይ ደብተር ይዞ መቅረብ ነውር ነው፣ መረጃውም አይረባም፤ በለቅሶ ሰዓት ሁሉም ሟች ደግ ነው። ስሙን፣ የሞተበትን ሰዓትና መቃብሩን በዕለቱ ከቅሬው ዳኛ (ከሰብሳቢው) ያዙ፤ የቀረውን ከአርባው በኋላ አድርጉት። ቡና ሲፈላ ሂዱ፣ በአቦሉ አትቸኩሉ፣ መዝገቡም ከቶና በፊት ባይወጣ ይመረጣል።

ልጅ ወላጁን የሚያውቀው ከመሐል ዕድሜው ጀምሮ ነው። ወጣትነቱን የሚያውቁት እኩዮቹ ናቸው፦ ሰኞ ገበያ አብራ ጉልት ትቸረችር የነበረች ጓደኛ፣ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ በአንድ ፈረቃ የሠራ ባልደረባ፣ በደቦ አብሮ ያጨደ ጎረቤት። ሥራውን በዝርዝር ጠይቁ። «ነጋዴ ነበር» ማለት ምንም አይነግርም፤ ምን ጭኖ፣ ከየት ወደ የት፣ በምን? «የቤት እመቤት» የሚለውማ ከመዝገቡ ጨርሶ ቢቀር ደስ ይለናል። ጋቢ የምትፈትል፣ ጠላ የምትጠምቅ፣ ምጥ የምታዋልድ ሴት ሁሉ በዚያ ቃል ሥር ተደብቃለች።

ሙሾ አውራጇንም አትርሱ። ለቅሶ ላይ በስልክ አትቅዷት፤ ከሳምንታት በኋላ ያለችውን ግጥም እንድትደግምላችሁ ለምኗት። ሙሾ የሰውየውን አገር፣ ዘር፣ ሙያና ጸባይ በሁለት ስንኝ ይዞ ይገኛል። የበሬና የጠላት ቁጥር ግን ከሙሾ አይወሰድም።

ከእያንዳንዱ መረጃ ጎን ማን እንደተናገረውና «አየሁ» ወይም «ሰማሁ» ማለቱን ጻፉ።

መቃብር የሌላቸው

መዝገቡ ውስጥ ለብቻው ክፍል የሚፈልጉ አሉ። በሰባ ሰባት በመጠለያ ያለቁ፣ በሰፈራ ሄደው የቀሩ፣ በኤርትራ ግንባር የወደቁ ወታደሮች፣ በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ሲጓዙ ድምፃቸው የጠፋ ልጆች። ለእነዚህ «ሞተ» አትበሉ። ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ቦታ፣ ቀኑንና ያየውን ሰው ብቻ ጻፉ። መርዶ ያልተነገራት እናት በሕይወት ካለች ገጹን ክፍት ተዉት፤ መርዶ የሚነገረው በሽማግሌ ነው፣ በመዝገብ መሆን የለበትም።

ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜኑ ጦርነት ተይዘው ከጥቅምት 2014 ማገባደጃ እስከ ኅዳር ማገባደጃ በቆዩበት ጊዜ ብዙ ሰው የተቀበረው ያለ ጡሩምባና ያለ ቃሬዛ፣ አንዳንዱም በግቢ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ቦታው፣ ቀኑና የቀበሩት ሰዎች ይጻፉ። ማን ገደለ የሚለውን የቅሬ መዝገብ አይፈርድም። የምስክሮች ስም በተለየ ወረቀት ይያዝና ይታሸግ።

ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናትም አሉ። እናቲቱ ስማቸው ይጻፍልኝ ካለች ይጻፉ፤ ካላነሳች አትጎትጉቷት።

መቃብሩን መለየት

«ከዋርካው ሥር» አይበቃም፤ ዛፍ ይቆረጣል። 50 ሜትር የሚደርስ ሜትር ይዛችሁ ከሁለት ከማይነቀሉ ነጥቦች ለኩ፤ ለምሳሌ ከቤተ ክርስቲያኑ የምሥራቅ በር መቃንና ከአጥሩ የድንጋይ ማዕዘን። ሁለቱ ርቀት፣ መቃብሩ ከነጥቦቹ በየት በኩል እንዳለ ከተጻፈ፣ በአንድ ላይ መቃብሩን ያሳያል። የስልክ ጂፒኤስ በጥሩ ሰማይ እንኳ 5 ሜትር ያህል ሊስት ይችላል፤ በዚያ ውስጥ አምስት መቃብር ሊኖር ይችላል። ወደ መቃብር ቦታው ለመድረስ ብቻ ተጠቀሙበት።

ያረጀ የድንጋይ ጽሑፍ በሽቦ ብሩሽ አይፈገፈግም። በለስላሳ ብሩሽና በውሃ ብቻ ሽበቱን አንሱ፤ ጧት ፀሐይ ከጎን ስትመታው ወይም ማታ የእጅ ባትሪ በጎን አብርታችሁ ፎቶ አንሱት፣ ፊደሉ ይወጣል።

ጥንታዊ መቃብርን በአቅጣጫው የክርስቲያን ወይም የሙስሊም ብሎ መለየት እዚህ አገር ያሳስታል። ቂብላ ከደሴ ወደ ሰሜን ነው፤ ስለዚህ የሙስሊሙም መቃብር እንደ ክርስቲያኑ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል። ሰው ጠይቁ። በሙስሊም መቃብር ላይ ጽሑፍ ወይም ምልክት ማቆምን የማይወዱ ብዙዎች ስለሆኑ ልኬቱ በመዝገቡ ብቻ ይቆይ።

የሚነበበው የሕይወት ታሪክ

በክርስቲያን ቀብር ላይ የሚነበበው ከ4 ደቂቃ አይለፍ፤ በእጅ ጽሑፍ አንድ ገጽ ተኩል ያህል ነው። ሙስሊም ሬሳ በዕለቱ በጥድፊያ ስለሚቀበር ንባቡ ካስፈለገ ቤተሰቡ ለሚያወጣው ሰደቃ ይቆይ። ከመነበቡ በፊት ከሁሉም ወገን አንድ አንድ ሰው ይስማው፦ የመጀመሪያ ሚስት ልጆች፣ የሁለተኛዋ ልጆች፣ ወንድሞች። ከልጆች ስም አንዱ ከተዘለለ ጠቡ እዚያው መቃብር ላይ ይነሣል። የበሽታ ስም ቤተሰቡ ካልፈቀደ አይጻፍ። መሬት፣ ቤትና ዕዳ በመዝገቡም በንባቡም አይግባ፤ አለበለዚያ መዝገቡ የውርስ ክርክር ማስረጃ ይሆንና ሁሉም ይፈራዋል።

ማስቀመጥ

ፎቶግራፍ ከኋላው የሚጻፍበት በለስላሳ እርሳስ ነው፤ እስክሪብቶ ወደ ፊቱ ይወጋል። ከመስታወት ጋር የተጣበቀውን አትላጡት፤ ከነመስታወቱ ጥላ ቦታ ላይ ያለ ፍላሽ አንሱት። ዋናውን ፎቶ ላሚኔት አታስደርጉት። በቴሌግራም ስትላላኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ አለበለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል።

በ2014 ጦርነት በደሴም በኮምቦልቻም መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈው ሰነድ ጠፍቷል፤ ስለዚህ መዝገቡ በአንድ ሰንዱቅ ብቻ አይቀመጥ። በየስድስት ወሩ አዲሶቹን ገጾች በስልክ አንሱና አንዱን ቅጂ በፍላሽ ለዳኛው፣ አንዱን ከከተማው ውጭ ለሚኖር የቅሬው ልጅ ስጡ። ሰንዱቁ መሬት ላይ አይቀመጥ፤ በደሴ እርጥበት፣ በኮምቦልቻ በኩል ምስጥ አለ። ጸሐፊ ሲለወጥ የገጽ ቁጥሩ በሦስት ሰዎች ፊት ተቆጥሮ በፊርማ ይረከብ።