የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሲጀምሩ የራስን ጠባይ አውቆ የጎንዮሽ ጉዳትን እንዴት መከታተል እንደሚቻል

ለድብርት አንድ ዓይነት መድኃኒት በእኩል መጠን ከታዘዘላቸው ሁለት ሰዎች አንደኛው በመጀመሪያው ሳምንት ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሲያስቸግረው ሌላው ምንም አልተሰማኝም ሊል ይችላል። ዕድሜ፣ የጉበት ጤንነት እና አብረው የሚወሰዱ መድኃኒቶች ለዚህ ልዩነት ምክንያት ቢሆኑም ጠባይም ድርሻ አለው፤ በተፈጥሮው ስጉ የሆነና የሰውነቱን ስሜት ሁሉ የሚያዳምጥ ሰው ብዙ የጎንዮሽ ጉዳት የመናገር ዝንባሌ ይታይበታል። ይህ ሰው ያልተሰማውን ያወራል ማለት አይደለም፤ ስሜቱ እውነተኛ ነው። በምርምር ላይ መድኃኒትነት የሌለው እንክብል ከሚሰጣቸው ሰዎች እንኳ ጥቂት የማይባሉት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይይዛቸዋል፤ ክፉ ነገር መጠበቅ ብቻውን ሰውነትን ሊያውክ ይችላልና።

ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ክኒን በፊት ነው። ሐኪሙ ሕክምናው ቶሎ ይጀመር ካላለ በስተቀር ለጥቂት ቀናት እንቅልፍዎን፣ የምግብ ፍላጎትዎን፣ የሆድዎንና የጭንቅላትዎን ሁኔታ በደብተር ይመዝግቡ። «ማክሰኞ፦ ሌሊት 9 ሰዓት ነቃሁ፤ ጠዋት ራሴን አመመኝ፤ ቁርስ አልበላሁም» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ድብርትና ጭንቀት ራሳቸው እንቅልፍ ስለሚነሱና ሆድ ስለሚያውኩ፣ ይህ ማስታወሻ ከሌለ የቆየው ሕመም በአዲሱ መድኃኒት ይመካኛል።

ቀጥሎ ራስዎን ይጠይቁ፤ ከዚህ በፊት ለጨጓራም ሆነ ለሌላ ሕመም መድኃኒት ስወስድ በወረቀቱ ላይ የተዘረዘረው ሁሉ ይሰማኝ ነበር? መልስዎ አዎ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። ለምሳሌ ሰርትራሊን የተባለው የድብርት መድኃኒት በ50 ሚሊግራም ፋንታ በ25 ተጀምሮ ቀስ በቀስ ከፍ ሊል ይችላል። የትኛው ስሜት በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት እንደሚቀል፣ የትኛው አደገኛ እንደሆነም ለይተው ይጠይቁ። መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ ምዝገባውን በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ብቻ ያድርጉት፤ በየሰዓቱ ራስን መፈተሽ ስጋቱን ያባብሳል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ዝም የሚለው ሰው ነው። ቻይ ነኝ የሚል ወይም ይሉኝታ የሚያጠቃው ታካሚ ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲለው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይወጣና መድኃኒቱን በራሱ ያቆማል። ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን የተባለው ሌላ የድብርት መድኃኒት የወሲብ ፍላጎትን ሊቀንሱ ይችላሉ፤ ይህም እንደ ማቅለሽለሹ በጥቂት ቀናት ላይለቅ ይችላል። በአፍ መናገር ካሳፈረዎት በወረቀት ጽፈው ለሐኪሙ ይስጡት፤ መጠኑን ማስተካከል ወይም መድኃኒቱን መቀየር ይቻላል።

ጠባይዎ ምንም ይሁን ምን፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ቢመጣ፣ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጠውን ሃሎፔሪዶል ወስደው አንገት ወይም መንጋጋ ቢጠመዘዝ፣ የስሜት መዋዠቅን የሚያረጋጋውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ቢያስመልሰው፣ ቢያስቀምጠውና ቢንቀጠቀጥ፣ ለስሜት መዋዠቅ የሚሰጠውን ላሞትሪጂን ለጀመረ ሰው ሽፍታ ቢወጣበት በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂዱ። ከነዚህ ውጪ ባለው ችግር ግን ሰርትራሊንን የመሰለ መድኃኒት በድንገት ማቆም ማዞርና በሰውነት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ስሜት ስለሚያመጣ፣ የሚቆመው በሐኪም ምክር መጠኑ ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ነው።