ያረጀ ፎር ዊል ድራይቭ ከስር ሲጮህ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ ጥገናው

ከመኪና ስር የሚመጣ ድምፅ አሳሳች ነው። የኋላ ጎማ ኩሽኔታ (ዘንግ ወይም ጎማ ያለ ፍትጊያ የሚዞርበት ቀለበት) ሲያጉረመርም ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው የአክስል ጥርስ ቤት) ይመስላል፤ የተበላ ክሮቼራ (የካርዳን መጋጠሚያ መስቀል) ሲያንኳኳ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ይመስላል። ብዙ ደህና ዲፈረንሻል ያለ ጥፋቱ የተፈታውም በዚህ ምክንያት ነው። አንድም ቡሎን ከመንካታችሁ በፊት ድምፁ የሚፈጥነውና የሚዘገየው ከሞተሩ ጋር ነው፣ ከካርዳኑ (ኃይሉን ወደ አክስል ከሚወስደው ረጅም ዘንግ) ጋር ነው ወይስ ከጎማው ጋር? የሚለውን ለዩ።

መለያው ቀላል ሂሳብ ነው። ዙሪያው 2.4 ሜትር የሆነ ጎማ በሰዓት 20 ኪ.ሜ. ሲነዳ በሰከንድ ከሁለት ዙር ትንሽ ያልፋል። የዲፈረንሻሉ ሬሾ (ጎማው አንዴ ሲዞር ካርዳኑ የሚዞረው ብዛት) 4.1 ከሆነ ካርዳኑ በዚያው ሰከንድ ከዘጠኝ ጊዜ በላይ ይዞራል። ስለዚህ በዝግታ እየነዳችሁ ልትቆጥሩት የምትችሉት ምት የጎማ፣ የሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት እምብርት) ወይም የኮሮና (የዲፈረንሻሉ ትልቅ ጥርስ) ነው። ለመቁጠር የሚያስቸግር ፈጣን ምት ደግሞ የካርዳን ወይም የፒኞን (ኮሮናውን የሚያዞረው ትንሽ ጥርስ) ነው።

ቀጥሎ ሜዳና ክፍት መንገድ ላይ በ60 ኪ.ሜ. ሦስት ነገር ሞክሩ፦ ነዳጅ ስጡ፣ እግራችሁን አንሱ፣ ከዚያ ዜሮ ማርሽ አድርጉ። ዜሮ ላይ ድምፁ ሳይለወጥ ከቀጠለ ሞተሩ፣ ፍሪሲዮኑና የካምቢዮው መግቢያ ነፃ ናቸው፤ ፍለጋው ከካምቢዮ መውጫ ወደ ኋላ ነው። ሞተሩን ግን አታጥፉ፤ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም እርዳታውን ያጣል።

ማርሽ ሲገባ ወይም ከፊት ወደ ኋላ ሲቀየር «ቋ» የሚል ምት

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ክሮቼራ ነው። በእግር ጉዞ ፍጥነት እንደ ወፍ «ጭው ጭው» የሚል ድምፅ ከቀደመው፣ በመስቀሉ አራት ቆቦች ውስጥ ያሉት መርፌዎች (ቀጫጭን የኩሽኔታ ብረቶች) ግራሶ አጥተዋል። ጎማዎቹን ታኮ (እንዳይንከባለሉ ድጋፍ) አድርጋችሁ፣ የማርሹን ዘንግ ዜሮ ላይ አድርጋችሁ ከስር ግቡ። ታኮውን አደራ፤ በአንዳንድ አሮጌ ሞዴሎች የእጅ ፍሬኑ ያለው ትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ አክስል የሚያደርሰው ሳጥን) መውጫ ላይ ስለሆነ የኋላ ካርዳን ሲፈታ መኪናውን የሚይዘው ነገር አይኖርም።

ካርዳኑን በአንድ እጅ፣ ፍላንጁን (ካርዳኑ በቡሎን የሚታሰርበትን ሳህን) በሌላው ይዛችሁ በተቃራኒ አቅጣጫ አዙሩ፣ ወደ ላይና ወደ ታችም ግፉ። መስቀሉ ላይ በዓይን የሚታይ እንቅስቃሴ ካለ ጊዜው አልፏል። በቆቡ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት መታየቱም ያው ነው። ግራሶ መስጫ ካለው፣ ሲሞላ ግራሶው በአራቱም ቆቦች በኩል መውጣት አለበት። ሦስቱ አውጥተው አንዱ እምቢ ካለ ያ ቆብ ደርቆ እየተበላ ነው ማለት ነው።

ሲቀየር፦

1. ካርዳኑ ከመፈታቱ በፊት በፍላንጆቹና በተንሸራታቹ ክፍል (ካርዳኑ የሚረዝምበትና የሚያጥርበት ጥርሳም መጋጠሚያ) ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ። ተንሸራታቹ በአንድ ጥርስ እንኳ ተዛብቶ ከገባ የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች (መስቀሉን የሚይዙት) ይዛነፉና መኪናው ይንቀጠቀጣል።
2. መያዣ ቀለበቶቹን አውጡ። አንዱን ቆብ በሞርሳ (የጠረጴዛ መጨበጫ) ትንሽ ቡሶላ (የቁልፍ ጭንቅላት) ይዛችሁ ግፉት፤ በሌላው ወገን ቆቡን የሚቀበል ትልቅ ቡሶላ ይኑር። በመዶሻ መደብደብ ሹካውን ያጣምማል።
3. የአዲሱን ቆብ መርፌዎች በግራሶ ግድግዳው ላይ አጣብቋቸው። ቆቡ ሊደርስ 2 ወይም 3 ሚ.ሜ. ሲቀረው ድርቅ ካለ አንድ መርፌ ወድቆ ከስር ተጋድሟል። አታስገድዱት፤ አውጥታችሁ መርፌውን አቁሙ።
4. ሲያልቅ መስቀሉ በእጅ ያለ ችግር መንቀሳቀስ አለበት። ከጠበቀ የሹካውን ጆሮ በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱ፤ ቆቡ ወደ ቀለበቱ ይጠጋል።

ክሮቼራው ደህና ሆኖ ምቱ ካለ የተንሸራታቹን ጥርሶች፣ የካምቢዮ ሱፖርቶውን (መያዣውን)፣ የባሌስትራ ቡሺኖችንና ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ቡሎኖች እዩ። አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ፍሪሲዮኑን ትንሽ ሲለቅ አክስሉ ሲጠመዘዝ ከጎን ሆናችሁ ተመልከቱ። ከመኪናው ፊትም ኋላም አትቁሙ።

ከፍጥነት ጋር የሚወጣ ዋይታ

ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ ወይም እግር ሲነሳ ብቻ የሚጮህ ከሆነ የኮሮናና የፒኞን ጥርስ ግንኙነት ተበላሽቷል፣ ወይም የፒኞን ኩሽኔታ ላልቷል። ካርዳኑን ከፒኞን ፍላንጅ ፈታችሁ ፍላንጁን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግፉና ሳቡ። የሚሰማ ክፍተት ጭራሽ መኖር የለበትም። በኮሮናና በፒኞን ጥርስ መካከል ግን ትንሽ ክፍተት ያስፈልጋል፤ በብዙ አክስሎች ከ0.15 እስከ 0.20 ሚ.ሜ. አካባቢ ነው፤ የመኪናው ማንዋል ግን ይቀድማል። ልኩ በዳያል ጌጅ (ባለ ሰዓት መለኪያ) እንጂ በጆሮ አይወሰድም።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚጀምረው ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዝ ቀለበት) ሲቀየር ነው። የፒኞኑ ዳዶ (የማሰሪያ ነት) በግምት ሲጠብቅ ኩሽኔታው ከልኩ በላይ ይጫናል፤ ቀድሞ ዝም ያለ ዲፈረንሻል ከጥገና በኋላ ዋይ ማለት ይጀምራል። ከመፈታቱ በፊት ዳዶውን፣ ዘንጉንና ፍላንጁን በአንድ መስመር ምልክት አድርጉ፣ ከዳዶው ውጭ የቀሩትን የዘንጉን የቡሎን ጥርሶችም ቁጠሩ።

ዘይት ሲፈተሽ መጀመሪያ የመሙያውን ቡሎን ፍቱ፤ እሱ ካልተፈታ ያፈሰሳችሁትን መመለሻ የለም። ልኩ እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ነው። የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ ግራጫ ጭቃ መሰል ነገር የተለመደ ነው፤ ስብርባሪ ወይም ቅርፊት ብረት ግን መፍታት ግድ ይላል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ የጋለ አክስል ቀዝቃዛ ወንዝ ሲገባ በተደፈነ መተንፈሻ ምክንያት በፓራኦሊዮው ይስባል። ለዲፈረንሻል ብዙ ጊዜ ጂኤል-5 80ደብሊው-90 (የማርሽ ዘይት ደረጃና ውፍረት) ይታዘዛል። ይህንኑ በካምቢዮ መጨመር ግን በአንዳንድ ሞዴሎች የሲንክሮናይዘሩን (ማርሽ ሲገባ ፍጥነት የሚያመሳስለውን ክፍል) ነሐስ ይጎዳል፤ ማንዋሉ ጂኤል-4 ካለ ጂኤል-4 ነው።

የማይቋረጥ ጉርምርምታ

የነዳጅ እግር የማይለውጠው ጉርምርምታ ከጎማ ወይም ከጎማ ኩሽኔታ ነው። አስፋልቱ ሲቀየር ድምፁም ከተቀየረ የጎማው ጥርስ ነው፤ ባለ ትልቅ ጥርስ ጎማ ያለ ጥፋቱ ብዙ ይጮሃል። መሪውን ወደ ግራ ዘንበል ስታደርጉ ከበረታ የቀኝ ኩሽኔታ ይጠረጠራል፤ ክብደቱ ወደዚያ ስለሚሄድ ነው።

የፊት ጎማውን በክሪክ አንሱ፣ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ እግር) ላይ አስቀምጡ፣ ከላይና ከታች ይዛችሁ አወዛውዙ። ሌላ ሰው ፍሬን ሲረግጥ መወዛወዙ ከጠፋ ኩሽኔታው ላልቷል፤ ከቀጠለ የመሪው ኪንግፒን (ጎማው ሲጠመዘዝ የሚዞርበት ምሰሶ) ነው።

ሲጠመዘዝ «ቀ-ቀ-ቀ»

የፊት ዘንግ ሲቪ ጆይንት (ጎማው ተጠምዝዞም ኃይል የሚያደርሰው መጋጠሚያ) ነው። ድምፁ የሚሰማው መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞርና የፊቱ አክስል ተያይዞ ኃይል ሲያገኝ ነው። በጠጣር የፊት አክስል ላይ የጆይንቱ ግራሶ ቀጥኖ ከቤቱ ከፈሰሰ የውስጡ ፓራኦሊዮ የዲፈረንሻል ዘይት እያስገባ ነው፤ ጆይንቱ ብቻ ተቀይሮ ፓራኦሊዮው ከተተወ ጥገናው ባዶ ነው።

በደረቅ አስፋልት ፊትና ኋላ ተያይዘው ሲነዱ የሚሰማው ግፊትና ፍንዳታ መሰል ምት ደግሞ ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ ማዕከላዊ ዲፈረንሻል የሌለው መኪና ኃይሉን የሚለቅበት ቦታ አጥቶ ነው። ጥቂት ሜትር ቀጥ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፣ ዘንጉ ይለቃል። የፊትና የኋላ ጎማ መጠን ከተለያየ ምቱ ይመለሳል።

ካምቢዮና ፍሪሲዮን

ቆሞ ዜሮ ላይ የሚጮህና ፍሪሲዮን ሲረገጥ ዝም የሚል የካምቢዮ መግቢያ ኩሽኔታ ነው፤ ሲረገጥ የሚጀምር የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። በ1ኛ፣ በ2ኛና በ3ኛ ጮሆ 4ኛ ላይ ዝም ካለ፣ 4ኛው ኃይሉን በታችኛው ዘንግ ሳያዞር ቀጥታ በሚያሳልፍባቸው ካምቢዮዎች የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። የካምቢዮው ዘይት ጎድሎ የትራንስፈሩ ከልክ በላይ ከሞላ በመካከላቸው ያለው ፓራኦሊዮ አሳልፏል፤ ዘይት ብቻ እየጨመራችሁ ከቀጠላችሁ የካምቢዮው ኩሽኔታዎች ይደርቃሉ።