ካምሪ ወይስ አኮርድ? የቤተሰብ መኪና ስታወዳድሩ የምትሳሳቱበት ቦታ

እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ አካባቢ መኪና የሚገዛ ወዳጅ ዘመድ ብዙ ጊዜ ይዞኝ ይሄዳል። አንዳንዱ ስህተት ሲደጋገም ዝም ብሎ ማየት ከበደኝ።

በወር ክፍያ ማወዳደር። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ሻጩ ገና እንደተቀመጣችሁ "በወር ስንት ብትከፍሉ ይመቻችኋል?" ይላል። "450" ካላችሁ የመኪናው ዋጋ ከጠረጴዛው ላይ ተነሣ ማለት ነው፤ ዕዳውን በማስረዘም የትኛውንም መኪና 450 ማድረግ ይቻላልና። 30,000 ዶላር በ7 በመቶ ወለድ ተበድራችሁ በ60 ወር ብትከፍሉ በወር 594 ዶላር ገደማ ነው። በ84 ወር 453 ይሆናል። ቀለል ያለው የሚመስለው ሁለተኛው ግን ከ8,000 ዶላር በላይ ወለድ ያስከፍላል፤ የመጀመሪያው 5,600 አካባቢ ነው። አንድ ወንድማችን አኮርዱን ትቶ ሌላውን ሊፈርም የነበረው "በወር በጣም ይቀንሳል" ብሎ ነው። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ስናይ አንዱ በ60 ወር፣ ሌላው በ84 ወር ተሰልቷል። በዚያ ላይ ያልጠየቀው ተጨማሪ ዋስትና ተጨምሮበታል። እባካችሁ፣ "ታክሱ፣ ሰሌዳው፣ የዲለሩ ክፍያ ሁሉ ተደምሮ ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ለሁለቱም መኪኖች ቅድመ ክፍያውም የወሩ ብዛትም እኩል ይሁን። ከመሄዳችሁ በፊት ከባንክ ወይም ከክሬዲት ዩኒየን ብድር አስፈቅዱ፤ የዲለሩ ወለድ መብዛቱን የምታውቁት ያኔ ነው። ቨርጂኒያ የምትኖሩ ደግሞ በመኪናው ግምት ላይ በየዓመቱ የሚመጣውን ግብር ደምሩ።

ስሙን አይቶ ሞተሩን አለማየት። ከ2025 ሞዴል ጀምሮ የቶዮታ ካምሪ ሁሉ ሃይብሪድ (በቤንዚንም በባትሪም የሚሄድ) ነው። የሆንዳ አኮርድ ግን ርካሾቹ በቤንዚን ብቻ የሚሄዱ 1.5 ሊትር ቱርቦ ናቸው፣ ሃይብሪዱ ከነሱ በላይ ይጀምራል። ሰው ርካሹን ካምሪ (ኤልኢ) ከርካሹ አኮርድ (ኤልኤክስ) ጋር ያስተያይና "አኮርድ ነዳጅ ይበላል" ይላል። በመንግሥት መለኪያ ኤልኢ ካምሪ በጋሎን 51 ማይል፣ ያ አኮርድ 32 ማይል ይሄዳል፤ እውነት ነው። ሃይብሪድ አኮርድ ግን እንደ ዓይነቱ ከ44 እስከ 48 ይሄዳል። ሃይብሪድን ከሃይብሪድ ጋር አወዳድሩ።

ብቻን ሄዶ መሞከር። የቤተሰብ መኪና ከሆነ ቤተሰቡ ይሂድ። የሕፃኑን ወንበር ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ ፊቱን ወደ ኋላ አዙራችሁ ከሾፌሩ ጀርባ እሰሩት፣ ከዚያ ረጅሙ ሰው ፊት ይቀመጥ። የኋላው ወንበር የእግር መዘርጊያ ቦታ አኮርድ ላይ 40.8 ኢንች፣ ካምሪ ላይ 38፣ የኒሳን አልቲማ ላይ 35.2 ነው። ወረቀት ላይ ጥቂት ይመስላል፤ የሾፌሩ ጉልበት መሪው ሥር ሲጣበቅ ግን ይታያል። የልጆቹን ጋሪም ትራንኩ ውስጥ ክተቱት። ልጅ ለመጠበቅ ከአገር ቤት የመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብስበው፣ በሩን ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ገቡ። ሲወጡ ግን እግራቸውን መሬት አድርሰው መነሣት አቃታቸው፤ ልጃቸው ሁለት እጃቸውን ይዞ አነሣቸው። ያንን መኪና ተዉት፤ ጥሩ አደረጉ።

የሰማችሁት ዋስትና ለእናንተም የሚሠራ መስሏችሁ መግዛት። የሃዩንዳይ ሶናታና የኪያ ኬ5 የ10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል የሞተርና የካምቢዮ ዋስትና ለመጀመሪያው ባለቤት ነው። ያገለገለውን ከግለሰብ ስትገዙ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ይሆናል፤ የሚቆጠረውም መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን ነው። ከ2013 እስከ 2016 ለተሠሩት አልቲማዎች ኒሳን የካምቢዮውን ዋስትና ወደ 84 ወር ወይም 84,000 ማይል አራዝሞ ነበር፤ እሱም ጊዜው አልፏል። በዋጋው ተማርካችሁ እንዳትቸኩሉ።

ኢንሹራንስ ከፈረሙ በኋላ መጠየቅ። ከ2022 በፊት ከተሠሩት ሃዩንዳይና ኪያዎች በቁልፍ የሚነሡት ብዙዎቹ ለሌባ ቀላል ስለነበሩ፣ አንዳንድ ኩባንያዎች በአንዳንድ ከተሞች አዲስ ኢንሹራንስ አንሰጣቸውም ብለው ነበር። የሁለቱንም መኪኖች የሻንሲ ቁጥር ይዛችሁ ቀድማችሁ ደውሉ። በዚያው ቁጥር የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ያልተሠራ ሪኮል (ፋብሪካው ይጠገን ብሎ የጠራበት ጉድለት) እንዳለ በነፃ ይታያል።

በሞቀ ሞተር መሞከር። ያገለገለ ከሆነ ሻጩ ቀድሞ እንዳያስነሣው ንገሩት። ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት፤ ከሞቀ ሌላ ቀን በጠዋት ተመለሱ።