ኬሞና ጨረር አንድ ላይ፦ የጉሮሮ ካንሰር ታካሚዎቻችን የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ደሴ ውስጥ የካንሰር ታካሚዎችን የምከታተል ነርስ ነኝ። ይህን የምጽፈው የጉሮሮ ወይም የማንቁርት ካንሰሩ ገፍቶ ኬሞና ጨረር አንድ ላይ ለታዘዘለት ሰው፣ ይበልጡን ደግሞ ለአስታማሚው ነው። በሽታው ምን እንደሆነ ሐኪሙ ነግሯችኋል ብዬ አልፈዋለሁ።

"ኬሞው ሠርቷል፣ ጨረሩ ይቅር"

የጨረር ወረፋው እስኪደርስ ኬሞ የሚጀምር ሰው አለ። ከአንድ ሁለት ዙር በኋላ እብጠቱ ይሟሽሻል፣ የሻከረው ድምፅ ይጠራል፣ ምራቅ መዋጥ ያቃተው ሰው እንጀራ መብላት ይጀምራል። ቤተሰቡ ስለቱን ያስገባል። ተራችሁ ደርሷል ተብሎ ሲደወል "ድኗል እኮ!" ይባላል። አልዳነም። ለዚህ በሽታ ኬሞ ብቻውን ያሳንሳል እንጂ አይነቅልም። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ጨረሩ ነው፤ ሲስፕላቲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት አብሮ ሲሰጥ የካንሰሩን ሴሎች ለጨረሩ ያዳክምለታል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት በማንቁርት ካንሰር ላይ ሦስቱን መንገድ አወዳድሮ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ማንቁርታቸው ሳይወጣ የቆዩት፣ ሁለቱን አንድ ላይ ከወሰዱት 88 በመቶ፣ ኬሞ አስቀድመው ጨረር ካስከተሉት 75 በመቶ፣ ጨረር ብቻ ከወሰዱት 70 በመቶ ናቸው።

ጨረር ሲባል ጥቁር አንበሳን ብቻ ማሰብም ልማድ ሆኖብናል፤ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ሌላ አልነበረምና። ዛሬ ጅማም አለ። የት ቶሎ እንደሚደርሳችሁ የሚልካችሁን ሐኪም ጠይቁ።

መሀል ላይ አቋርጦ መምጣት

ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው።

የተለመደው ሕክምና 35 ጊዜ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ለሰባት ሳምንት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሰው "ይሄ ነው እንዴ ጨረር የሚባለው?" እያለ ያሳልፋል። በሦስተኛው አፍ መላጥ ይጀምራል። በአራተኛው ምራቁ ይዝለገለጋል፣ ውሃ ራሱ ያቃጥላል፣ ሰውየው ምግብ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ያኔ ነው የደሴ መኪና የሚሳፈሩት።

አንድ አባት ለግሸን ማርያም ንግሥ ደርሼ እመለሳለሁ ብለው 22ኛው ጨረር ላይ አቋርጠው መጡ። ልጃቸው የአውቶቡሱን ትኬት እንደጨበጠ "ሲስተር፣ ጨረሩ አቃጥሎ ሊገድለው እኮ ነው! ትንሽ ነፍስ ይዝራና እመልሰዋለሁ" አለኝ። ዛሬውኑ መልሰው አልኩት፤ አልሰማኝም። እውነትም ነፍስ ዘሩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አፋቸው ድኖ፣ ሽሮ እየበሉ መጡ። አንገታቸውን ስዳብሰው ግን ዕጢው ሲሄዱ ከነበረው በልጦ አገኘሁት።

አፍ የሚያገግምበት ዕረፍት ካንሰሩም የሚያገግምበት ነው። ከጨረሩ የተረፉት የካንሰር ሴሎች ከአራተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ከበፊቱ ፈጥነው መራባት ይጀምራሉ፤ ሰዉ ወደ ቤቱ የሚመለሰውም ልክ በዚያው ሳምንት ነው! ሕክምናው በአንድ ቀን በተራዘመ ቁጥር በሽታውን በቦታው የመቆጣጠር ዕድል አንድ በመቶ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ሦስት ሳምንት ስንት እንደሚሆን እናንተው አስሉት።

ሕመሙ ሲጠና እዚያው ተናገሩ። የሞርፊን ሽሮፕ አለ፤ መዋጥ ካቃተው በአፍንጫ የምግብ ቱቦ ይገባለታል። ማሽን ተበላሽቶ ወይም በዓል ሆኖ ቀን ካለፈም ዝም አትበሉ፤ "ያለፈው እንዴት ይካካሳል?" ብላችሁ ጠይቁ። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ተጠብቆ፣ የሚሰጥበት መንገድ አለ።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ ብዙውን ሰው የሚመልሰው ከቁስሉ ይልቅ የአልጋ ኪራዩ ነው። የሰባቱ ሳምንት ወጪ ጨረሩ ሳይጀመር ይታሰብ፣ አስታማሚ በፈረቃ ይመደብ። ዘመድም ቅሬውም (ዕድሩም) ማዋጣቱ ላይቀር፣ ከቀብር በፊት ያዋጣ።

ጥርስ

የተበላሸ ጥርስ ጨረሩ ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይነቀል። ጨረር ካለቀ በኋላ፣ ዓመታት ቢያልፉም፣ ለጥርስ ሐኪሙ ሳይናገሩ ማስነቀል የመንጋጋ አጥንት እስከ መበስበስ ሊያደርስ ይችላል።

አፍና ምግብ

በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሎሚ፣ አረቄ ይቅሩ። አጥሚት፣ የተልባ ውሃ፣ እርጎ፣ አቮካዶ፣ ቀጠን ያለ አልጫ ሽሮ ይጠጣ። ፈልቶ በበረደ አንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ በቀን አራት አምስቴ እየተጉመጠመጡ መትፋት ነው። "አረቄ ጀርሙን ይገድላል" የሚለኝ ሰው ዛሬም አላለቀም።

ረመዳንም ሁዳዴም ሕመምተኛ ላይ አይጸናም፤ ሼሁንም የንስሐ አባቱንም አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ሰው ሲከሳ በጨረር ጊዜ ጭንቅላቱ እንዳይነቃነቅ የሚይዘው ጭምብል ይላላል፣ ጨረሩም ዒላማውን ሊስት ይችላል። ቱቦ የገባለትም ቢሆን ሐኪሙ እስካልከለከለ በቀን ጥቂት ጉንጭ ይዋጥ፤ መዋጥ ያቆመ ጉሮሮ በኋላ እምቢ ይላል።

ሲጋራና ጫት

በጨረር ላይ እያሉ ማጨስ የሕክምናውን ውጤት ይቀንሳል። "ሲጋራውን ትቻለሁ፣ ጫቱ ግን ቅጠል ነው" ለምትሉኝ፦ ምራቅ የራቀውን አፍ ይብሱን ያደርቀዋል፣ የተላጠውን ይፍቀዋል፣ ምግብም ይዘጋል።

የኬሞው ቀን

"ሲስተር፣ ይሄ ግሉኮስ በዛ፣ መኪና ሊያመልጠን ነው፣ ይነቀልልን።" አይነቀልም። ከሲስፕላቲን ጋር የሚሰጠው ውሃ ኩላሊትን ለማዳን ነው። ጆሮ ከጮኸ ወይም መስማት ከቀነሰ ከቀጣዩ ዙር በፊት ይነገር። ትኩሳት 38 ከደረሰ ፓራሲታሞል ውጦ ማደር የለም፤ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት።

አንገት ላይ ቅቤ አትቀቡ፣ በምላጭም አትላጩ።

ካለቀ በኋላ

በወሩ ራጅ ካልተነሳሁ ብሎ መጨናነቅ ትርፉ ድንጋጤ ነው፤ የጨረሩ እብጠት ገና ስላልረገበ ምስሉ ያሳስታል። ዋናው ምርመራ ከ12 ሳምንት በኋላ ነው። ሌላው የሚረሳው የእንቅርት ዕጢው ነው፤ ጨረር ያረፈበት አንገት ውስጥ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ወራት ወይም ዓመታት ቆይቶ ሊደክም ይችላል። ሰውየው ይዝላል፣ ይወፍራል፣ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ደሴ ሆኖበት የጦሳ ተራራ ንፋስ ነው እያለ ጋቢ ይደርባል። በየስድስት ወሩ፣ ቢበዛ በየዓመቱ፣ የደም ምርመራ ይደረግ፤ ዕጢው ደክሞ ከተገኘ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አለው።