የመኪና ወንበር ብሎን በቶርክ ሬንች እንዴት ይታሰራል?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድን ነበር። ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከእናቴ ወንበር ስር «ቀጭ» ይላል። እሷም ሰምታዋለች። «ልጄ፣ ይቺ ወንበር ትነቃነቃለች እኮ» አለችኝ። ኮምቦልቻ ስንገባ ጥላ ፈልጌ አቆምኩና እጄን ከስር ሰደድኩ። የኋላው ብሎን ያለ ቁልፍ፣ በጣቴ ዞረ። ከሦስት ቀን በፊት ወንበሩን አውጥቼ፣ ምንጣፉን አጥቤ፣ መልሼ ያሰርኩት ራሴ ነበርኩ። ያሰርኩትም በእጅ ግምት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወንበር ያለ ቶርክ ሬንች፣ ማለትም የማጥበቂያው ልክ ሲደርስ «ጠቅ» ብሎ ከሚነግረው ቁልፍ ውጭ፣ አስሬ አላውቅም። እናንተም ባታስሩ ይሻላል።

ወንበር መቀመጫ ብቻ አይደለም። በብዙ መኪኖች የቀበቶው መቆለፊያ የተያያዘው ከወለሉ ጋር ሳይሆን ከራሱ ከወንበሩ ጋር ነው። በግጭት ጊዜ ሰውን ቀበቶው ይይዛል፣ ቀበቶውን ወንበሩ ይይዛል፣ ወንበሩን ደግሞ ብዙ ጊዜ አራት ብሎኖች ይይዙታል። የአሜሪካ የደህንነት ደንብ ወንበር የክብደቱን 20 እጥፍ ጉልበት ችሎ ከቦታው እንዳይነቀል ያዛል። ወንበሩ 18 ኪሎ ከሆነ 360 ኪሎ ማለት ነው። የቀበቶው ጫና ሲጨመርበት ከዚያም በጣም ይበልጣል።

«ታዲያ ጥርቅም አድርጎ ማሰር አይበቃም?» የሚል ሰው ብዙ ነው። አይበቃም። ብሎን ሲጠብቅ እንደ ሞላ በጥቂቱ ይለጠጣል። ወንበሩን ከወለሉ ጋር አጣብቆ የሚይዘው ያ መለጠጥ ነው። ካነሰ፣ ብሎኑ በንዝረት እየዞረ ይወጣል። ከበዛ፣ ጥርሱ ይላጣል፤ ወይም ከወለሉ ስር የተበየደው ዳዶ ተነቅሎ አብሮ ይዞራል። ይሄኛው የባሰ ነው። ምንጣፍ ማንሳት፣ አንዳንዴም ወለል ቆርጦ እንደገና መበየድ ያመጣል። አንድ ጋራዥ ውስጥ ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክተው የወንበር ብሎን ሲያጠብቁ አይቻለሁ። እባካችሁ በእናንተ መኪና ላይ ይህን አታስደርጉ።

ስንት ይጥበቅ? ትክክለኛው ቁጥር የመኪናችሁ የጥገና መጽሐፍ ላይ አለ። እንደ ኮሮላና ቪትዝ ባሉ ትንንሽ ቶዮታዎች የፊት ወንበር ብሎን በብዙ ሞዴሎች 37 ኒውተን ሜትር ነው፤ ኒውተን ሜትር የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ ነው። የቀበቶ ብሎን ግን ሌላ ነው፤ 42 አካባቢ ይሆናል። የእናንተ መኪና የተለየ ቁጥር ሊኖረው ስለሚችል ከሰው አፍ፣ ከእኔም ቢሆን፣ ሰምታችሁ ብቻ አትሰሩ።

ቶርክ ሬንቹን ስትመርጡ ልኩን እዩ። ለጎማ ዳዶ የሚሆነው ትልቁ ብዙ ጊዜ ከ40 ነው የሚጀምረው፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከ20 እስከ 110 የሚለካው በደንብ ይስማማል። ከመኪና ዕቃ ቤት ቢዋሱም ይሆናል፤ ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ከወንበሩ ስር ቢጫ ሶኬት ካያችሁ የኤርባግ መስመር ነው። የመኪናውን ቁልፍ አጥፉ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱና ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ። ከዚያ በፊት ሶኬቱን አትንኩ። ሶኬቱ ተነቅሎ እያለም ቁልፉን አታብሩ፤ የኤርባግ መብራት በርቶ ይቀርባችኋል።

ወንበሩን ወደ ኋላ ስትገፉት የፊቶቹ ብሎኖች ይታያሉ፣ ወደ ፊት ስትስቡት የኋላዎቹ። ለመፍታት ተራ ቁልፍ ተጠቀሙ፤ በብዙ ቶዮታዎች 14 ቁጥር ቡሶላ ይገባል። ቶርክ ሬንች ማጥበቂያ እንጂ መፍቻ አይደለም።

ከመመለሳችሁ በፊት የብሎኑን ጥርስ በብሩሽና በጨርቅ አጽዱ። ዘይትና ግሪስ አትቀቡት። ከምታጠብቁበት ጉልበት 90 በመቶ ገደማ የሚያልቀው በፍትጊያ ነው። ጥርሱ ዘይት ከነካ ፍትጊያው ይቀንስና ቁልፉ ላይ ያው 37 እያለ ብሎኑ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል። የጠፋ ብሎን ካለ ያገኛችሁትን አትተኩበት። ውፍረቱ፣ ርዝመቱ፣ የጥርሱ ርቀትና ራሱ ላይ የተጻፈው የጥንካሬ ቁጥር፣ ለምሳሌ 8.8 ወይም 10.9፣ ከነባሩ ጋር አንድ መሆን አለበት።

ወንበሩን መልሱና አራቱንም ብሎኖች በጣት ብቻ አስገቡ። ሦስት አራት ዙር በቀላሉ መሄድ አለባቸው። ከጠነከረባችሁ ተጣሞ ገብቷል ማለት ነው፤ አውጡና እንደገና ሞክሩ። አራቱም ከያዙ በኋላ በተራ ቁልፍ ነካ ነካ አድርጓቸው። ከዚያ ወንበሩን አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ አንሸራቱት። የግራና የቀኙ ሐዲድ እኩል ካልቆለፈ አሁን ነው የሚታየው።

ቶርክ ሬንቹን በመኪናችሁ ቁጥር ላይ፣ ለምሳሌ 37 ላይ፣ ሙሉና ቆልፉት። እጀታውን መሃሉ ላይ ያዙና በዝግታ፣ ሳትነጥቁ ሳቡ። «ጠቅ» ሲል አቁሙ። አንድ ጠቅ ይበቃል። «ለማንኛውም» ብሎ መድገም ከልኩ ያሳልፈዋል። ሲጨርሱ ሬንቹን ወደ ዝቅተኛው ቁጥሩ መልሶ ማስቀመጥ ነው፤ ውስጡ ያለው ሞላ እንደተጨነቀ ከከረመ ልኩ ይዛባል።

ቶርክ ሬንች ጨርሶ ካልተገኘ በተንጠልጣይ ሚዛን መሥራት ይቻላል፤ የሻንጣ መመዘኛው ማለቴ ነው። ከቡሶላው መሃል ጀምራችሁ ቁልፉ ላይ 25 ሳንቲሜትር ለኩና ምልክት አድርጉ። ሚዛኑን እዚያ አንጠልጥሉና ከቁልፉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርታችሁ ሳቡ። ሚዛኑ 15 ኪሎ ሲያነብ 37 ኒውተን ሜትር ላይ ናችሁ። ቁልፉ ረጅም ሆኖ 50 ሳንቲሜትር ላይ ከሳባችሁ 7 ኪሎ ተኩል ይበቃል። ለሌላ ቁጥር፣ ኒውተን ሜትሩን ለ9.8፣ ከዚያ ለቁልፉ ርዝመት በሜትር አካፍሉ። አሳሳቡ ዘወር ካለ ልኩ ስለሚሳሳት አንድ ሰው ሚዛኑን እያነበበ ሌላው ቢስብ ጥሩ ነው።

በመጨረሻ ከብሎኑ ራስ ወደ ሐዲዱ የሚያልፍ ቀጭን መስመር በነጭ ቀለም አስምሩ። ብሎኑ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፤ ባትሪ መብራት ይዞ ጎንበስ ማለት ብቻ ነው። እኔ ከዚያ በኋላ እናቴን ይዤ ሐረጎን አራት ጊዜ ወርጃለሁ። ኮምቦልቻ በደረስን ቁጥር አያለሁ። መስመሩ እንደተሰመረ ነው።