ሁለት ሉፐር አልስማማ ሲሉ፦ ችግርና መፍትሄ

ሉፐር የቀዳችሁትን ድምጽ እየደጋገመ የሚያጫውት መሣሪያ ነው፤ የሚደጋገመው ድምጽ ሉፕ ይባላል። እኔ ዲቶና ቦስ አርሲ-5 የሚባሉ ሁለት ሉፐሮች አሉኝ። አደራደሬ ቀላል ነው። ክራሬ መጀመሪያ ዲቶ ውስጥ ይገባል። ከዲቶ ወደ ቦስ አርሲ-5፣ ከዚያ ወደ ሚክሰር። ዲቶ አንድ ቁልፍ ያላት ትንሽ ፔዳል ናት፤ የምትይዘው አንድ ሉፕ ብቻ ነው፣ እሱም እስከ 5 ደቂቃ። አርሲ-5 ግን 99 ማስቀመጫ አለው። ስለዚህ ዲቶ ምጣዴ ናት፣ አርሲ-5 መሶቤ። የተቃጠለው እዚያው ይቀራል፣ ያማረው ብቻ ወደ መሶቡ ይገባል።

«ሁለተኛው ሉፐር ባዶ ይቀዳል»

ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ድምጽ የሚሄደው ወደፊት ብቻ ነው። አርሲ-5 ከፊት ከሆነ ዲቶ የምታጫውተውን አይሰማም። ጃኮቹን ቀይሩ፣ አለቀ።

«መጀመሪያ አብረው ነበሩ፤ ቆይተው ተለያዩ»

ይሄ ዋናው ራስ ምታት ነው። ሁለቱ ሉፐሮች አንዱ ስለሌላው የሚያውቀው ነገር የለም። ስምንት ሰከንድ የሚረዝም ሉፕ ቀዳችሁ እንበል። ሁለተኛውን ስትዘጉ እግራችሁ 20 ሚሊሰከንድ ዘገየ። ማንም አይሰማውም። ከ10 ዙር በኋላ ግን ልዩነቱ 200 ሚሊሰከንድ ነው፤ ጭብጨባው ሌላ፣ ክራሩ ሌላ።

ዲቶ ሚዲ (መሣሪያዎች ሰዓታቸውን የሚያስማሙበት ምልክት) የላትም፣ ስለዚህ ከሌላው ጋር የምትታሰርበት ገመድ የለም። መፍትሄው ሁለቱን አብሮ አለማሽከርከር ነው። አንድ ሙሉ ዙር ወደ አርሲ-5 አሳልፉ፣ ዲቶን አቁሙ። ስትዘጉ ደግሞ እግራችሁ የሚያርፈው የመጨረሻው ምት ላይ አይደለም፤ የሚቀጥለው ዙር «አንድ» ሲል ነው።

የግድ ሁለቱም ይሽከርከሩ ካላችሁ ሁለቱም ሚዲ ያላቸው ይሁኑ፤ ለምሳሌ አርሲ-5 እና አርሲ-505። አንዱ ይምራ፣ ሌላው ይከተል። ገመዱ ከመሪው «አውት» ወደ ተከታዩ «ኢን» መግባቱን እዩ። ተከታዩ የራሱን ሰዓት ትቶ የሚዲውን እንዲሰማ ሴቲንጉን ቀይሩ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። የአርሲ-5 ቀዳዳ ትንሿ ባለ 3.5 ሚሊሜትር ናት፣ የአርሲ-505 ክቡ ባለ አምስት እግር። ስለዚህ ማገናኛ ያስፈልጋል። ማገናኛው ደግሞ ታይፕ ኤ እና ታይፕ ቢ አለው፤ የውስጥ ሽቦው ይለያያል። ካልተዛመደ ሁሉም ነገር ተሰክቶ ጸጥ ይላል።

«ባለ 4 ባር ሉፕ ይሠራል፣ ባለ 2 ባር ግን ይስታል»

ባር ማለት የሙዚቃው ምት ተቆጥሮ የሚሞላበት አንድ ክፍል ነው። ችክችካ የሚጫወት ሰው ይሄን ችግር ያውቀዋል። እኔ ሳምንት ሙሉ እግሬን ስወቅስ ነበር። ነገሩ ሒሳብ ነው። የሚዲ ሰዓት ለአንድ ሩብ ኖታ 24 ጊዜ ይመታል። የ4/4 አንድ ባር 96 የሰዓት ምት ነው፣ የ6/8 (የችክችካው) ግን 72። ሉፐሩ በ4/4 እየቆጠረ እናንተ 4 ባር ችክችካ ብትቀዱ 288 ይሆናል፤ ይሄ ልክ 3 ባር በ4/4 ስለሆነ ሳይታወቅ ያልፋል። 2 ባር ስትቀዱ ግን 144 ነው፣ አንድ ባር ተኩል። ባር የሚቆጥር ሉፐር ግማሹን አይቀበልም፤ ወይ ያስረዝመዋል ወይ ይቆርጠዋል። ከመቅዳታችሁ በፊት የሉፐሩን አቆጣጠር 6/8 አድርጉት። በኋላ ማረም አይሆንም።

«ድምጹ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል»

አንዱን ሉፕ ሁለቱም እያጫወቱት ነው፤ በመሀላቸው ጥቂት ሚሊሰከንድ አለ። ድምጾቹ ይበላላሉ። ዲቶን ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ረግጣችሁ አቁሙ።

«ጢ... የሚል ድምጽ አለ»

አብዛኛውን ጊዜ አንድ አዳፕተር ለሁለት ማካፈል ያመጣዋል። አርሲ-5ን በባትሪ አስነሱት። ድምጹ ከጠፋ ጥፋተኛው ኮረንቲው ነው፤ ለየብቻ የሚሰጥ ማከፋፈያ ወይም ሁለት አዳፕተር ግዙ። እንደ ንብ «እምም» የሚል ከሆነ ግን የክራሩን ፒክአፕ (ድምጽ መቀበያውን) እና ጃኩን ፈትሹ።

«ትናንት የቀዳሁት የለም»

አርሲ-5 የቀዳችሁትን በራሱ አያስቀምጥም። «ራይት» (አስቀምጥ) ሳትሉ ካጠፋችሁት ወይም ወደ ሌላ ቦታ ከቀየራችሁ ይጠፋል። አንድ ልምምድ ላይ መብራት ሄዶ ቆንጆ የባቲ ሉፕ ቀልጦብኛል። ሳውንድማኑን ተቆጣሁ፣ ጥፋቱ ግን የኔ ነበር። አሁን አንድ ሉፕ ደስ ካለኝ ሌላ ነገር ሳልነካ አስቀምጣለሁ። እያስቀመጠ ሳለ ደግሞ መንቀል የለም።

በሳምንት አንዴ በዩኤስቢ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ። ፋይሎቹ ዌቭ (WAV) ናቸው። ከውጭ አምጥታችሁ የምታስገቡት ድምጽ የናሙና መጠኑ (ሳምፕል ሬት) 44.1 ኪሎኸርትዝ ይሁን። ስትገለብጡ ስሙ ላይ ቅኝቱን፣ ፍጥነቱንና ክራሩ በምን ድምጽ እንደተቃኘ ጻፉ። እኔ ይሄን ሳላደርግ ስድስት የትዝታ ሉፖች አሉኝ፤ አንዱን በከፈትኩ ቁጥር ክራሬን እንደገና እቃኛለሁ።