ቆቅንና ሃግፊሽን እንዴት እናወዳድር?

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። «ሁለት እንስሳት አወዳድሩ» ስል ተማሪ ሁሉ ፈረስና አህያ ይዞልኝ ይመጣል። እኔ ግን ቆቅና ሃግፊሽ እሰጣቸዋለሁ። ሃግፊሽ የባሕር ወለል ላይ የሚኖር፣ ቀጭንና ረጅም፣ መንጋጋ የለሽ ፍጥረት ነው። የሞተ ዓሣ ነባሪ ውስጥ ገብቶ ይበላል። ሲነኩት በዙሪያው ያለውን ውሃ ዝልግልግ ያደርገዋል።

ከልዩነት አትጀምሩ። «አንዷ መሬት ላይ ትሮጣለች፣ ሌላው ይዋኛል» ብሎ ማወዳደር ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ ነው። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ጥያቄ ምረጡ። ለምሳሌ፣ ጀርባቸውን የሚደግፈው ምንድን ነው? ቆቅ ገና እንቁላል ውስጥ ሳለች ኖቶኮርድ የሚባል ተጣጣፊ ዘንግ አላት። ኋላ አከርካሪ ይተካዋል። ሃግፊሽ ዘንጉን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። አጥንት የለውም፤ የራስ ቅሉም ካርቲሌጅ ነው፤ ጆሯችንን ቀጥ አድርጎ የያዘው ተጣጣፊ ነገር።

ቀጥሎ አፍ። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ብዙዎች «ሃግፊሽ ጥርስ ካለው መንጋጋም አለው፤ ወፍ ግን የላትም» ይላሉ። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በበዓል ሰሞን ከወጥ ቤት የዶሮ ራስ ለምኑ፤ ዶሮ የቆቅ ዘመድ ናት። ቀቅሉትና የምንቃሩን ሽፋን ሳብ አድርጉት። ሲወልቅ ከሥሩ የላይና የታች መንጋጋ አጥንት ታያላችሁ። ሽፋኑ ኬራቲን ነው፤ ጥፍራችን የተሠራበት ነገር። የሃግፊሽ ጥርሶችም ኬራቲን ናቸው። ግን የተደረደሩት ከአፉ ወጣ ገባ በሚል የካርቲሌጅ ሳህን ላይ ነው። ሥጋው አልበጠስ ካለው ሰውነቱን ይቋጥርና ቋጠሮውን ወደ ራሱ ገፍቶ ይገነጥለዋል። (እዚህ ስደርስ ኋላ ወንበር ያሉትም ይነቃሉ።)

ልብ ላይ አትቆዩ። የቆቅ ልብ አራት ክፍል አለው፤ ሃግፊሽ ከዋናው ልብ ሌላ ረዳት ልቦች አሉት። በቃ።

«ኋላ ቀር» የሚል ቃል ካየሁ እሰርዛለሁ። ሃግፊሽም እንደ ቆቅ እስከ ዛሬ እየተለወጠ የመጣ ነው። «ትል ነው» ላለኝ ግን አልቆጣም፤ ፍጥረታትን በየወገናቸው የመደበው ታላቁ ስዊድናዊ ሊቅ ሊኒየስም በ1758 እ.ኤ.አ. ከትሎች ጋር ነበር የመደበው።

መልሳችሁን እንዲህ ጻፉ፦ «ሁለቱም የራስ ቅል አላቸው፤ ቆቅ መንጋጋ አላት፣ ሃግፊሽ የለውም።» ይህን የጻፈ ግማሽ ማርክ ይዟል። ቀሪው ለሥዕሉ ነው፤ የክፍሎቹን ስም ያልጻፈበት ግን ዜሮ ነው።